የነርሲንግ ሆም ሥራ፦ ደግ ልብ ለምን ብቻውን አይበቃም?



አሜሪካ ዘመድ ያለው ሰው እነዚህን ወሬዎች ሳይሰማ አይቀርም። "ሲኤንኤ ኮርስ ጀምራለች።" "ነርሲንግ ሆም ገባ።" "ትናንት ደብል ሠርታ ነው፣ አሁን ተኝታለች።" ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ፣ ሲያትልም ሆነ ሚኒያፖሊስ፣ ብዙ ሐበሻ አገሩን እንደረገጠ ከሚይዛቸው ሥራዎች አንዱ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። ኮርሱ አጭር ነው፣ እንግሊዝኛው እየሠሩ ይሻሻላል፣ ሥራው ደግሞ አይጠፋም።

አዲስ አበባ ሆነን ስናስበው ሥራው "ሽማግሌ ማጠብና ማብላት" ይመስለናል። አያቱን እያጎረሰና እግራቸውን እያጠበ ላደገ ልጅ ምኑ ይከብደዋል?

ይከብደዋል። በዚህ ሥራ አንድ ማንኪያ ምግብ፣ አንድ ያልታሰረ ቀበቶ ወይም በይሉኝታ ሳይነገር የቀረ አንድ ነገር ሰው ሊገድል ይችላል። የሠራተኛውንም ወረቀት ሊያስነጥቅ ይችላል። ዲቪ ደርሷችሁ ለመሄድ የምትዘጋጁ፣ እዚያው ሆናችሁ የምትሠሩ፣ ወይም እናታችሁ በዚህ ሥራ ያሳደገቻችሁ ካላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

(ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነርሲንግ ሆም ምንድን ነው?

አሜሪካ ውስጥ ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ነርሲንግ ሆሞች አሉ። ወደ 1.2 ሚሊዮን ሰው ይኖርባቸዋል። አንዳንዱ ከቀዶ ሕክምና በኋላ እስኪያገግም ለጥቂት ሳምንት የገባ ነው። ሌላው ስትሮክ የመታው፣ የመርሳት ችግር የያዘው ወይም ብቻውን መንቀሳቀስ ያቃተው ነው፤ እሱ እስከ ዕድሜው መጨረሻ እዚያው ይኖራል። ለዚህ ነው "በሽተኛ" ሳይሆን "ነዋሪ" የሚባሉት። ቤታቸው ነው።

ሐኪም በየቀኑ አይኖርም። ነርሶች መድኃኒት ይሰጣሉ፣ ቁስል ያክማሉ፣ ይቆጣጠራሉ። ከነዋሪው ጋር ብዙውን ሰዓት የምታሳልፈው ግን ሲኤንኤዋ ናት። የምታስነሳቸው፣ የምታጥባቸው፣ የምታበላቸው፣ ሽንት ቤት የምትወስዳቸው እሷ ናት። "ዛሬ ልክ አይደሉም" ብላ መጀመሪያ የምታየውም እሷ ናት።

75 ሰዓቱ ከየት መጣ?

እስከ 1980ዎቹ ድረስ በብዙ ስቴቶች ምንም ሳይማሩ ይህን ሥራ መያዝ ይቻል ነበር። በ1986 የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት ስለ ነርሲንግ ሆሞች ጥራት ከባድ ወቀሳ ያዘለ ሪፖርት አወጣ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1987፣ የነርሲንግ ሆም ማሻሻያ ሕግ ጸደቀ። ዛሬ "ሲኤንኤ ኮርስ" የምንለው ነገር መሠረቱ ይህ ሕግ ነው።

ሕጉ የሚጠይቀው ቢያንስ 75 ሰዓት ሥልጠና ነው። ከዚህ ውስጥ 16ቱ በነርስ ክትትል ስር የሚደረግ ተግባራዊ ልምምድ መሆን አለበት። ተማሪው ነዋሪ ከመንካቱ በፊት ደግሞ ስለ መግባባት፣ ስለ ኢንፌክሽን መከላከል፣ ስለ አደጋ ጊዜ፣ የነዋሪን ራስን የመቻል አቅም ስለ መጠበቅና ስለ ነዋሪ መብት ቢያንስ 16 ሰዓት መማር አለበት። ከዚያ የጽሑፍ ወይም የቃል ፈተና አለ፤ በተግባርም ይፈተናል። ያለፈው ስሙ በስቴቱ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ሥራ ከገባ በኋላም በየዓመቱ ቢያንስ 12 ሰዓት ተጨማሪ ሥልጠና ግዴታ ነው።

75 ሰዓት ማለት በሙሉ ሰዓት ብትማሩት ሁለት ሳምንት አይሞላም። አንዳንድ ስቴቶች ይህ ስላነሰባቸው ጨምረዋል። ካሊፎርኒያ 160፣ ሜይን ደግሞ 180 ሰዓት ይጠይቃሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው የገንዘብ ጉዳይ አለ። ኮርሱን ስትጀምሩ አንድ ነርሲንግ ሆም ቀጥሯችሁ ከሆነ ወይም የሥራ ቃል ሰጥቷችሁ ከሆነ፣ በፌዴራል ደንብ መሠረት ለሥልጠናውም ለፈተናውም ሊያስከፍሏችሁ አይችሉም። በራሳችሁ ገንዘብ ተምራችሁ በጨረሳችሁ በ12 ወር ውስጥ ነርሲንግ ሆም ከገባችሁ ደግሞ፣ ስቴቱ በሠራችሁበት ጊዜ ልክ ወጪያችሁን የሚመልስበት አሠራር ሊኖረው ይገባል። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ።

ወረቀት መያዝና መቻል

"ኮምፒተንሲ" የሚባለው ቃል እዚህ ይመጣል። ምን ማለት ነው? ፈተና አልፎ ወረቀት መያዝ አንድ ነገር ነው። ፊት ለፊታችሁ ያለውን ሰው፣ እሱ ካለበት ሁኔታ ጋር፣ በሰላም መንከባከብ መቻል ሌላ ነው። ሕጉ ሁለቱንም ይጠይቃል። ተቋሙ የሚቀበላቸው ነዋሪዎች ምን ዓይነት እንክብካቤ እንደሚያስፈልጋቸው መገምገምና ሠራተኞቹ ያንን መሥራት እንደሚችሉ ማረጋገጥ አለበት። ጉሮሮው ላይ ቱቦ የተገጠመለት ሰው ተቀብሎ፣ ቱቦውን መያዝ የሚችል ሠራተኛ ከሌለው ጥፋቱ የተቋሙ ነው።

ይህ ወረቀት ላይ ጥሩ ነው። መሬት ላይስ? በ2014 የአሜሪካ ጤና ሚኒስቴር የኢንስፔክተር ጽሕፈት ቤት ባወጣው ሪፖርት፣ ከሆስፒታል ወጥተው ለማገገም ነርሲንግ ሆም ከገቡ የሜዲኬር ተጠቃሚዎች ከሦስቱ አንዱ እዚያ ሳለ ከእንክብካቤው ጋር በተያያዘ ጉዳት ደርሶበታል። ፋይሎቹን የመረመሩት ሐኪሞች ከጉዳቶቹ 59 በመቶው ሊቀሩ ይችሉ ነበር ብለዋል። ለምን አልቀሩም? ከደረጃ በታች የሆነ ሕክምና፣ በቂ ክትትል አለማድረግ፣ ማድረግ የሚገባውን ማዘግየት ወይም ጨርሶ አለማድረግ።

አሁን ወደ ክፍሉ እንግባ።

አንድ፦ ጉርሻ

እኛ ሰውን የምንወደው በማጉረስ ነው። "በቃኝ" ቢለን "በሞቴ" ብለን አንድ እንጨምራለን። ነርሲንግ ሆም ውስጥ ይህ አደገኛ ነው።

ስትሮክ የመታው ወይም የመርሳት ችግሩ የገፋበት ሰው ብዙ ጊዜ የመዋጥ ችግር አለበት። ምግቡ ትን ይለውና ወደ ሳንባው ይገባል። አንዳንዴ ሳያስል፣ ድምፅ ሳያሰማ ይገባል። ከጥቂት ቀን በኋላ የሳንባ ምች ይሆናል፤ በዚያ ዕድሜ ደግሞ የሳንባ ምች ይገድላል። ለዚህ ነው የአንዳንዱ ምግብ ተፈጭቶ፣ መጠጡም እንዲወፍር ተደርጎ የሚመጣው። ነዋሪው "ውሃ ስጪኝ" ሲል አዝኖ ተራ ውሃ መስጠት ደግነት ይመስላል። ለእሱ ግን ቀጭን ፈሳሽ ከሁሉም የባሰ ነው፤ ጉሮሮው ሳይዘጋጅ ቶሎ ይወርዳል። ትክክለኛው ሥራ ነርሷን መጥራት ነው።

የሚቻል ሠራተኛ ምን ያደርጋል? መጀመሪያ ኬር ፕላኑን ያያል። ነዋሪውን ቀጥ አድርጎ ያስቀምጣል። በትንሽ ማንኪያ ይሰጣል፣ መዋጡን አይቶ ነው ቀጣዩን የሚያነሳው። ጉንጭ ውስጥ የቀረ ምግብ ካለ ያያል። ከበሉ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀና ብለው እንዲቆዩ ያደርጋል።

ሁለት፦ "እኔን!"

በአሜሪካ መንግሥት የጤና ጥራት ኤጀንሲ መረጃ መሠረት፣ ከነርሲንግ ሆም ነዋሪዎች ግማሽ ያህሉ በዓመት አንዴ ይወድቃሉ። ሰው ሲወድቅ የእኛ ደመ ነፍስ "እኔን!" ብሎ ብድግ ማድረግ ነው። የሙያው አሠራር ግን ነርስ እስክትመረምራቸው አታንሷቸው ይላል። ዳሌያቸው ተሰብሮ፣ ጭንቅላታቸው ተመትቶ ሊሆን ይችላል። ማንሳቱ ስብራቱን ያባብሰዋል።

ከአልጋ ወደ ዊልቸር ሲዛወሩም እንዲሁ ነው። ብብት ሥር ይዞ መጎተት ትከሻ ያወልቃል። ወገባቸው ላይ የሚታሰር ቀበቶ አለ፤ "ጌት ቤልት" ይባላል፣ የሚያዘውም እሱ ነው። ጨርሶ መቆም የማይችሉትን ደግሞ ሆየር ሊፍት የሚባለው ማሽን ያነሳቸዋል። በብዙ ተቋማት ደንብ ማሽኑን ለመጠቀም ሁለት ሰው ያስፈልጋል። "ጓደኛዬን ከምጠብቅ ብቻዬን ላንሳቸው" የሚለው ጥድፊያ ነዋሪውን ይጥላል፣ የሠራተኛውንም ወገብ ይሰብራል። በወገብና በጡንቻ ጉዳት ከሚታወቁ የአሜሪካ ሥራዎች አንዱ ይሄው ሥራ ነው።

ሌላም ነገር አለ። እኛ ትልቅ ሰው ካከበርን ሁሉንም ነገር እናደርግለታለን። እዚያ ግን ሸሚዛቸውን ራሳቸው መቆለፍ የሚችሉ እናት ራሳቸው እንዲቆልፉ መጠበቅ ነው ሙያው፣ አሥር ደቂቃ ቢፈጅም። ዛሬ የተቀሙትን ቁልፍ ከወር በኋላ ጣታቸው አይችለውም።

ሦስት፦ የአልጋ ቁስል

ራሱን ማገላበጥ የማይችል ሰው በአንድ ጎኑ ሲቆይ አጥንቱ ያለበት ቦታ ደም ያጣል። መጀመሪያ ትንሽ መቅላት ነው፤ ጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ይችላል፣ ሙቀቱን ወይም ጥጥር ማለቱን በእጅ መለየት ያስፈልጋል። ዝም ከተባለ ቆዳው ይቀደዳል፣ ሥጋውን አልፎ አጥንት ሊደርስ ይችላል። መከላከያው ቀላል ይመስላል፤ በየሁለት ሰዓቱ አካባቢ ማገላበጥ፣ የረጠበ ዳይፐር ቶሎ መቀየር፣ ቆዳውን ማየት። ቀላል ያልሆነው ጊዜው ነው፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

አራት፦ ኢንፌክሽን

በየካቲት 2020 መጨረሻ፣ ሲያትል አጠገብ ባለችው ኪርክላንድ ከተማ፣ አንድ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ኮሮና ገባ። አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ ከታወቁት ትልልቅ ወረርሽኞች አንዱ ነበር። እስከ መጋቢት 18 ድረስ ከዚያ ተቋም ጋር የተያያዙ 167 ሰዎች ተይዘው ነበር፤ 101ዱ ነዋሪዎች፣ 50ው ሠራተኞች ነበሩ። ከተያዙት ነዋሪዎች ሲሦ ያህሉ ሞቱ።

የአሜሪካ በሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በአካባቢው ነርሲንግ ሆሞች ቫይረሱ ለምን እንደተዛመተ መርምሮ ነበር። ሠራተኞች እያመማቸው ይሠሩ ነበር። ከአንድ በላይ ተቋም የሚሠሩ ነበሩ። የመከላከያ ልብስና የዓይን መሸፈኛ አጠቃቀምን በደንብ አያውቁም ነበር። ጓንትና ጭምብሉ ራሱ አልበቃም ነበር። "ደብል" እና "ሁለተኛ ሥራ" የሚሉት ቃላት እኛም ቤት ስላሉ ይህን ስታነቡ ትንሽ ቆም በሉ።

አምስት፦ መናገር

ከሁሉም የሚከብደን ይህ ይመስለናል። "አለቃዬን ምን ብዬ ልናገር?" "እንግሊዝኛዬ ቢያስቅስ?" "እኔ ማን ነኝና?" ይሉኝታ አገራችን ውስጥ ጨዋነት ነው። እዚያ ግን ሰው ይሞትበታል።

በመስከረም 2017 ኢርማ የተባለው አውሎ ነፋስ ፍሎሪዳን ሲመታ፣ ሆሊውድ በምትባል ከተማ የአንድ ነርሲንግ ሆም አየር ማቀዝቀዣ መብራት ጠፋበት። ሙቀቱ ለቀናት ጨመረ። የተቋሙ ሰዎች መብራቱ እንዲመለስ ሲደውሉ ቆዩ፣ ነዋሪዎቹን ግን በጊዜ አላወጧቸውም። በመጨረሻ 12 ሰዎች ሞቱ። ከመንገዱ ማዶ፣ በእግር የሚደረስበት፣ መብራት ያለው ትልቅ ሆስፒታል ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ፍሎሪዳ ነርሲንግ ሆሞች ጄኔሬተርና ነዳጅ እንዲኖራቸው በሕግ ያስገደደችው።

መናገር የሚያስፈልገው በአውሎ ነፋስ ጊዜ ብቻ አይደለም። ትናንት ሲያወሩ የነበሩ ሰውዬ ዛሬ ዝም ካሉ፣ ድንገት ከተምታታባቸው፣ ምግብ ካስጠላቸው፣ ኢንፌክሽን ወይም የስኳር መውረድ ሊሆን ይችላል። ይህን መጀመሪያ የምታየው ሲኤንኤዋ ናት። የተሰባበረ እንግሊዝኛም ይበቃል። "ዛሬ ከትናንት ተለይተዋል፣ ነይና እያቸው" ማለት ብቻ ነው።

ግን እኮ አንድ ሰው ስንት ያደርሳል?

እዚህ ድረስ ያነበበች አንዲት ሲኤንኤ "ቀላል ነው ማውራት" ማለቷ አይቀርም። እውነቷን ነው። እስቲ እንቁጠረው።

አንዲት ሠራተኛ በሌሊት ሺፍት 30 ነዋሪ ተሰጣት እንበል። 8 ሰዓት 480 ደቂቃ ነው። ለአንድ ሰው 16 ደቂቃ ይደርሳል፣ ለሌሊቱ ሙሉ። ከ30ዎቹ 10ሩ በየሁለት ሰዓቱ መገላበጥ አለባቸው ብንል፣ በሌሊቱ 40 ጊዜ ማገላበጥ ነው። አንዱ 5 ደቂቃ ቢፈጅ 200 ደቂቃ ሄደ። ዳይፐር፣ ሽንት ቤት፣ የሚጠራ ደወልና የወደቀ ሰው ገና አልተቆጠሩም። የራሷም ዕረፍት አልተቆጠረም። የቱንም ያህል ጎበዝ ብትሆን አንድ ነገር ይቀራል።

በ2001 ለአሜሪካ መንግሥት የተሠራ ጥናት አንድ ነዋሪ በቀን 4.1 ሰዓት ያህል የነርሶችና የረዳቶች እንክብካቤ ካላገኘ ለጉዳት እንደሚጋለጥ አሳይቶ ነበር። በ2024 የባይደን አስተዳደር በመላ አገሪቱ ዝቅተኛ ቁጥር አወጣ፤ በነዋሪ በቀን 3.48 ሰዓት፣ ከዚህ ውስጥ 2.45ቱ የረዳቶች፣ በተጨማሪም 24 ሰዓት የምትገኝ ነርስ። የነርሲንግ ሆም ባለቤቶች "ሠራተኛ ከየት እናምጣ? ገንዘቡስ?" ብለው ከሰሱ። በሚያዝያ 2025 ቴክሳስ ያለ የፌዴራል ፍርድ ቤት የደንቡን ዋና ክፍል ሻረው። በሐምሌ 2025 ደግሞ ኮንግረስ ተግባራዊነቱን እስከ 2034 የሚያቆም ሕግ አወጣ። አንዳንድ ስቴቶች የራሳቸው ቁጥር አላቸው። ፌዴራል ላይ ግን ለረዳቶች የተቀመጠ የሰዓት ወለል የለም፣ "በቂ ሠራተኛ" ይላል፣ በቃ።

ደመወዙም አለ። በ2024 የነርስ ረዳቶች መካከለኛ የዓመት ገቢ 40 ሺህ ዶላር አይሞላም ነበር። ስለዚህ ሰው ይለቃል። በ2017 እና በ2018 መረጃ ላይ የተሠራ አንድ ትልቅ ጥናት የነርሲንግ ሠራተኞች ዓመታዊ መልቀቅ በአማካይ 128 በመቶ መሆኑን አግኝቷል። መቶ የሥራ ቦታ ላይ በዓመት 128 ሰው ወጣ ማለት ነው። ነዋሪዋን የሚያውቃት፣ "እሷ በግራ ጉንጯ ነው የምታኝከው" የሚል ሰው በየጊዜው ይጠፋል። ችሎታ ከኮርስ ብቻ አይመጣም። ከመቆየትም ይመጣል።

ለምትሠሩት

ማሽን ካላሳዩዋችሁ "በዚህ አልሠለጠንኩም" በሉ። ይህች ዓረፍተ ነገር አታሳፍርም፣ ትጠብቃችኋለች።

ያልሠራችሁትን አትፈርሙ። ሳታገላብጡ "አገላብጫለሁ" ብሎ መሙላት ቁስሉ ሲገኝ እናንተን ተጠያቂ ያደርጋል። ሰው አንሶ ካልደረሰላችሁ ለነርሷ በሺፍቱ ውስጥ ተናገሩ።

መድኃኒት ስጡ ቢሏችሁ፣ ስቴታችሁ የሚፈቅደው ተጨማሪ ፈቃድ ከሌላችሁ አትስጡ።

በነዋሪ ላይ በደል፣ ቸልተኝነት ወይም ስርቆት ፈጽሟል የተባለ ሠራተኛ በስቴቱ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ከዚያ በኋላ ነርሲንግ ሆም አይቀጥረውም። ከመመዝገቡ በፊት ግን ቀርቦ የመሰማት መብት አለው። ደብዳቤ ሲመጣ ፈርቶ አለመክፈት ይህን መብት ያስቀራል። ደግሞ ለተከታታይ 24 ወር በሙያው በክፍያ ካልሠራችሁ እንደገና መሠልጠን ወይም መፈተን ይመጣል።

ወላጅ ለምታስገቡት

አሁን የእኛም ወላጆች እዚያ እያረጁ ነው። የሜዲኬር ድረ ገጽ ላይ "ኬር ኮምፔር" የሚባል አለ። ነርሲንግ ሆሞችን ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ይሰጣቸዋል። ጠቅላላ ኮከቡን ብቻ አትዩ። የሠራተኛ ሰዓትና የሠራተኛ መልቀቅ የሚለውን ክፈቱ፣ ቅዳሜና እሑድን ለብቻው እዩ። ከዚያ በምግብ ሰዓት ሄዳችሁ ደወል ተደውሎ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ቁጠሩ።

ነዋሪ ስለ ሕክምናው በሚገባው ቋንቋ የመረዳት መብት አለው፤ አማርኛም ቋንቋ ነው። ቅሬታ ካለ በየስቴቱ "ኦምቡድስማን" የሚባል የነዋሪዎች ጠበቃ አለ፣ አገልግሎቱ ነፃ ነው።

አገር ቤትስ?

እኛ ጋ አብዛኛው አረጋዊ ቤቱ ነው የሚጦረው። እንደ መቄዶንያ ያሉ ማዕከላት ደግሞ ደጋፊ የሌላቸውን ይሰበስባሉ። አልጋ ላይ የዋሉ አያት ያላችሁ፣ ከላይ ያሉት ነገሮች እናንተም ቤት ይሠራሉ። ቀና አድርጋችሁ አብሏቸው። አገላብጧቸው። ሲወድቁ ከማንሳታችሁ በፊት የት እንዳመማቸው ጠይቁ። የምታስታምማቸው የቤት ሠራተኛ ከሆነች ደግሞ ይህን አሳዩዋት፤ ማንም አላስተማራትም።

እዚህ ሙያ ላይ ያላችሁ፣ አዲስ ለሚገባ ልጅ የመጀመሪያውን ሳምንት የምትመክሩት ምንድን ነው? ጻፉልን። ለዚያ ደብል ሠርታ ለተኛችው እህታችሁም ሼር አድርጉላት፣ ስትነሳ ታነበዋለች።